በሸክላ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠው መዝገብ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኮምፒውተር ነው፤ በተለይም ኮምፒውተር ሊሞት ሲል ስለሚጽፈው ነገር። ቃሉን ፈልጋችሁ የመጣችሁ ግን ቶሎ አትለፉን፤ የምንጀምረው ከኤርምያስ ነው።

ኤርምያስ 32ን ስናነብ ዓይናችን የሚሄደው ወደ እርሻው ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባለች፤ ነቢዩ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል፤ እርሱ ግን የአጎቱን ልጅ መሬት በ17 ሰቅል ብር ይገዛል። ስለ ተስፋ ስንሰብክ ይህን ታሪክ እንወደዋለን። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ አይሰበክም። ምስክሮቹ ከፈረሙ በኋላ የታተመውም የተከፈተውም ውል ለባሮክ ይሰጠዋል፤ ብዙ ዘመን እንዲቆዩም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው ይታዘዛል። ለምን ሸክላ? ከተማዋ ልትቃጠል ነውና። ቤተ መንግሥቱም ቤተ መቅደሱም የሰዎቹም ቤት እሳት ሊበላው ነው። ውሉ በከተማዋ መዝገብ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ከመዝገብ ቤቱ ጋር አመድ ይሆን ነበር። እውነተኛ ጽሑፍ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ከሚወድቀው ነገር ጋር አብሮ የማይወድቅ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል።

ሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ይህ ክፍል የተማርነው ከጥንቱ የመሬት ሽያጭ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ነበር፤ ሸክላው የእግረ መንገድ ነገር ነው። የሸክላውን ነገር ያስረዳን፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው።

ደራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ኢተያ ሳይደረስ የምትገኝ፣ ሙቀትና አቧራ የማይለያት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ጉባኤያችን ትልቅ አይደለም። መዝሙሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስለሚዘመር ግጥሙን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እናወጣለን፤ ስብከቱንም እንቀዳለን። ሁለቱንም የሚሠራው በስጦታ ያገኘነው አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው። ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ቫይረስ ሲያስቸግር ወጣቶቹ ሊነክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ጫኑበት። ደህና ሰነበተ።

ባለፈው በጋ ይህ ማሽን በአምልኮ መካከል መሞት ጀመረ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው መዝሙር ላይ ግጥሙ ድርቅ ይልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ዘማሪዎቹ ቃሉን ይስታሉ፣ ሕዝቡ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ያያል። ኋላ ላይ፣ ማሽኑ አጠገብ፣ የተቀመጠችው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት እህት ናት።

እኛ አማኞች ላልገባን ነገር ሁለት ማብራሪያ አናጣም፤ አንደኛው ሰይጣን ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በቅርብ የተገኘ ሰው። ጥቂቶች ጠላትን ሊገሥጹ ማሽኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ጸሎቱን አንነቅፍም። ሌሎች ግን "ስልኳን ቻርጅ ታደርግበታለች" አሉ። "ገመዱን በእግሯ ትነካዋለች" ተባለ። "ልቧ እዚህ የለም" ያሉም ነበሩ፤ ይህ ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ወንድም "ለጊዜው ትረፍ" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥ የኖረ ሰው "ለጊዜው ትረፍ" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያረፈ አይመለስም።

እናቷ አንድ ማክሰኞ ቢሮ መጡ። "ፓስተር፣ ልጄ ቅዳሜ ከመጣ እህል አትቀምስም። ጥፋት ካለባት ንገሩኝና እኔው ልቅጣት። ከሌለባት ግን ስሟን መልሱላት" አሉ። "እህታችን፣ ጥቂት ቀን ይስጡን፤ ማሽኑን ራሱን እናስጠይቃለን" አልናቸው። አባባላችን ለእርሳቸው ቀልድ ሳይመስላቸው አልቀረም።

አዳማ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ወንድም ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ማሽኑን ከፈተና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጫጭ ጽሑፍ አወጣ። እያንዳንዱ መስመር ፊቱ ላይ ሰዓት አለው። "ፓስተር፣ እዚህ ጋ ይመልከቱ" አለን። "ባለፈው እሑድ 4 ሰዓት ከ12 ላይ መዝገቡ ያልቃል። ቀጣዩ መስመር ማሽኑ እንደገና ሲነሣ የተጻፈ ነው። በመካከል ምንም የለም።"

"ታዲያ ምንም አልሆነም ማለት ነው?" ብለን ጠየቅነው።

"አይደለም። የሆነውን የሚጽፈውም አብሮ ሞቷል ማለት ነው።"

ይህን ሲናገር ኤርምያስ አልታወሰውም፤ እኛ ግን ታወሰን።

ነገሩን እንደገባን እናስረዳችሁ። በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ ከሁሉም ፕሮግራም በታች ሆኖ ሁሉንም የሚያስተዳድር እምብርት አለ፤ ባለሙያዎቹ ከርነል ይሉታል። ማስታወሻውን፣ ዲስኩን፣ ገመዱን፣ ድምፁን የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው የሊነክስ ከርነል ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ ስላለ ብዙዎቻችሁ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በእርሱ ላይ ነው። ይህ እምብርት የሚያየውን ነገር በአጭር በአጭር መስመር ይጽፋል። መጀመሪያ የሚጽፈው በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ በተከለለች ትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ በተለምዶ 128 ኪሎ ባይት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ። ቦታዋ ስትሞላ የድሮው እየተደመሰሰ አዲሱ ይተካል። ከዚያ ሌላ ፕሮግራም መስመሮቹን አንሥቶ ዲስክ ላይ ያሰፍራቸዋል። ነገር ግን ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ፣ ያ ፕሮግራምም ዲስኩን የሚያዘው ክፍልም አብረው ይቆማሉ። የመጨረሻዎቹ መስመሮች፣ ማለትም እጅግ የሚያስፈልጉት፣ ማስታወሻው ውስጥ ይቀሩና መብራቱ ሲሄድ ይጠፋሉ።

ወንድማችን ያደረገው ቀላል ነገር ነው። የራሱን ላፕቶፕ አጠገቡ አስቀመጠና በኔትወርክ ገመድ አገናኛቸው። ከርነሉ ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን እያንዳንዱን መስመር ዲስክ ሳይጠብቅ ወዲያው ወደ ውጭ እንዲወረውር አዘዘው። ይህን መንገድ ኔትኮንሶል ይሉታል። "ይሄኛው ቢሞት እንኳ የመጨረሻ ቃሉ እዚያኛው ላይ ይቀራል" አለ። ሸክላው ይህ ነው።

እሑድ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ማሽኑ ደረቀ። ላፕቶፑ ላይ ጥቂት መስመሮች ቀርተው ተገኙ። ትርጉማቸው የሃርድዌር ስህተት ደርሷል፣ በዚህኛው የፕሮሰሰር ክፍል ላይ ነው፣ ልቀጥል አልችልም የሚል ነበር። ከዚያ ዝምታ። የስልክ ወሬ የለም፣ የተነካ ገመድ ወሬ የለም፣ የሰው ጥፋት የለም። ወንድማችን ማሽኑን ሲፈታው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሁለት ካፓሲተሮች እንደ ሽምብራ አብጠው አገኛቸው። ፕሮጀክተሩና ቀረጻው አንድ ላይ ሲሠሩ ጭነቱ ይበዛና ኃይሉ ይወርድ ነበር። አዲሱ ከአዳማ መጣ፣ ተቀየረ። በሚቀጥለው እሑድም የተገኘው ነገር በጉባኤው ሁሉ ፊት ተነገረ፤ ወሬው በጉባኤ ፊት ስለነበረ ማስተካከያው በቢሮ ሊሆን አይገባውምና።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። መዝገቡ "ካፓሲተሩ አብጧል" አላለም። አያውቀውማ። ያየውን ብቻ ተናገረ፤ የት እንደደረሰና መቼ እንደደረሰ። የቀረውን ሰው ፈትቶ አገኘው። በዮሐንስ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ፈሪሳውያን ስለ ኢየሱስ ማንነት ፍርድ እንዲሰጥ ሲያስጨንቁት ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለማያውቀው አላወራም፤ የሚያውቃትን አንዷን ነገር ግን ይዞ አልለቀቀም። ጥሩ ምስክር ማለት ብዙ የሚያውቅ ማለት አይደለም።

በመስመሮቹ ላይ ሌላም ምልክት ነበረ። ከርነሉ ከባድ የሃርድዌር ስህተት ሲደርስበት ወይም ከውጭ የመጣ ባዕድ ክፍል ሲጫንበት በራሱ ላይ "ተበክያለሁ" የሚል ምልክት ያኖራል፤ ባዕዱ ክፍል ቢወጣ እንኳ ምልክቱ አይፋቅም፣ ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ። ይህን ስንሰማ ስለ ዳግም ልደት ለመስበክ አፋችንን በልቶናል። ምሳሌውን ብዙ መጎተት ግን ጥሩ አይደለምና እንለፈው።

ይልቅ ወንድማችን ሻይ እየጠጣ የነገረን የቁልፉ ነገር ነው እስከ ዛሬ ያልተወን። የከርነል መልእክት ከየትም ቦታ ሊጻፍ መቻል አለበት፤ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ፣ በድንገተኛ ጥሪ መካከል፣ በጭንቅ ውስጥ። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ላይ እንዳይጋጩ ለብዙ ዓመታት አሠራሩ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉን የያዘው ይጽፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። በሰላም ቀን መልካም ነው። ነገር ግን ቁልፉን የያዘው ራሱ ቢወድቅስ? የሚጠብቀው ለዘላለም ይጠብቃል። እውነቱን ሊናገር የመጣው ክፍል አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ መንገዱ ያለው በወደቀው እጅ ነውና።

ሌላም ጭቅጭቅ ነበረ። መልእክቱ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ ካልን ማሽኑ ይጎተታል። በድሮው ሲሪያል ገመድ አንድ መስመር ለማውጣት ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ለእኛ ምንም ነው፣ ለፕሮሰሰር ግን ዘመን ነው። ቆይቶ በተራው ይውጣ ካልን ደግሞ ማሽኑ ሲወድቅ መልእክቱ ተራውን ሳያገኝ አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ለዓመታት ተከራከሩ። ሊኑትሮኒክስ በተባለ የጀርመን ድርጅት የሚሠራው ጆን ኦግነስ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያለ ቁልፍ የሚጻፍበትን መዝገብ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በወጣው የሊነክስ 5.10 ከርነል ውስጥ ገባ። ከዚያም ደረጃ በደረጃ ቀሪው ተጨመረ። ተራው መልእክት በጸጥታ፣ በራሱ ጊዜ፣ በሌላ እጅ ይወጣል፤ የጭንቅ መልእክት ግን ማንንም ሳይጠብቅ ቀጥታ ይወጣል። ይህ ሥራ ለሃያ ዓመት ያህል ሲለፋበት የነበረውን ሰዓቱን የማያዛንፍ የሊነክስ አሠራር ለማጠናቀቅ ከቀሩት የመጨረሻ ነገሮች አንዱ ነበር፤ ያም በኅዳር 2024 በወጣው በ6.12 ውስጥ ተጠናቀቀ። በዓለም ያሉ ብልህ ሰዎች አንድ ማሽን ሲሞት የመጨረሻ ቃሉን እንዲናገር ይህን ያህል ዓመት ደክመዋል።

ድካሙ ከንቱ እንዳልሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጥቂት አልፎ፣ ብዙዎቻችን ለአምልኮ ስንዘጋጅ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ አቅጣጫ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ወደቀ። 157 ሰዎች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም። አውሮፕላኑ መሬት ውስጥ ጠልቆ ስለገባ ቦታውን ያዩ ሰዎች "አውሮፕላኑ የት አለ?" ብለው ጠይቀዋል። ግን በማግስቱ ሁለቱ የበረራ መቅጃ ሳጥኖች ከአፈሩ ውስጥ ወጡ። ጥቁር ሳጥን እንላቸዋለን እንጂ እንዲታዩ ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡ ናቸው። እሳትንም ግጭትንም እንዲቋቋሙ ሆነው የተሠሩ፣ አውሮፕላኑ የሚጽፍባቸው፣ ከአውሮፕላኑ ጋር ግን የማይሞቱ ሸክላዎች ናቸው።

በእነዚያ ሳምንታት ከውጭ አገር ጣታቸውን ወደ ሁለቱ ወጣት አብራሪዎች የቀሰሩ ነበሩ። ሟች አይከራከርም። ሳጥኖቹ ፓሪስ ተወስደው በፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ተነበቡ፤ መጋቢት 26 ቀን የትራንስፖርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን ሪፖርት አወጣ። በግራ በኩል ያለ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የኮምፒውተር ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ሲገፋ፣ አብራሪዎቹም ሲታገሉ ሁሉም በቅደም ተከተል ተጽፎ ነበር። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀው ሌላ ቦይንግ 737 ማክስ መዝገብ ጋር ሲተያይ መመሳሰሉ ግልጽ ሆነ። በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ሞተዋል። ያ የአውሮፕላን ዓይነት በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገደ፤ አሜሪካ ውስጥ ተስተካክሎ እንደገና እንዲበር የተፈቀደው ከ20 ወር በኋላ ነው። መዝገቡ የሞቱትን አላስነሣም። ስማቸውን ግን ከሐሜት አወጣ፤ በሌላ አውሮፕላን ሊሳፈሩ የነበሩትንም አተረፈ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

"እንዴት ናችሁ?" ሲባል የምንመልሰውን ታውቃላችሁ። "ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ትዳሩ የተናጋበትም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰችውም የሚመልሱት ይህንኑ ነው። ምስጋናው እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ሁልጊዜ ሊመሰገን ይገባዋል። መዝገብነቱ ግን ባዶ ነው። የከርነሉ መልእክቶች ስምንት ደረጃ አላቸው። ከ0 እስከ 7 ናቸው፤ 0 "ልሠራ አልችልም" ማለት ነው፣ 7 ስህተት ለሚፈልግ ባለሙያ ብቻ የሚጻፍ ጥቃቅን ነገር። በቤተ ክርስቲያን ግን ሁሉም በአንድ ደረጃ ይነገራል። የፈተና ውጤትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በአንድ ወረቀት ላይ "የጸሎት ርእስ" ተብለው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ሁለተኛው "የግል ጉዳይ" ተብሎ ብቻ ይጻፋል።

ምስክርነታችንም እንዲሁ ነው። ምስክርነት የምንሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ተጠርጎና ተስተካክሎ፣ ድሉ መጨረሻ ላይ ተቀምጦለት ነው። መዝሙር 88 ግን እንዲህ አይደለም። በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ የመጨረሻው ቃል ማጽናኛ የለውም። የእግዚአብሔር ሕዝብ ግን ይህን መዝሙር አልጣሉትም፣ መጨረሻውን አላሳመሩትም፤ እንደ ወጣ አስቀመጡት። ኢዮብ በምዕራፍ 19 ላይ ቃሉ በመጽሐፍ እንዲጻፍ፣ ከዚያም አልፎ በዓለት ላይ በብረት እንዲቀረጽ ይመኛል። ወዳጆቹ በእርሱ ላይ ፍርዳቸውን ጨርሰዋል። እርሱ ሊሞት እንደሆነ ያስባል። የሚፈልገው መዳን ብቻ አይደለም፤ ቢሞት እንኳ የሚናገርለት፣ በወዳጆቹ እጅ ያልሆነ መዝገብ ነው። ስለሚቤዠው ስለ ሕያው አምላኩ የተናገረው ታላቅ ቃል የመጣው ከዚህ ምኞት ቀጥሎ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን።

ስለ ቁልፉ የተነገረን ለምን እንዳልተወን እንንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው በጉባኤያቸው ሽማግሌ ናቸው፣ በጸሎታቸውም የታወቁ። ቤት ውስጥ ግን እጃቸው ያርፍባቸው ነበር። ሴትዮዋ ወዴት ይሂዱ? ለጉባኤው ለመናገር የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ዘንድ መሄድ ነው፤ ጸሐፊው የባላቸው ሚዜ ናቸው። ወደ ሴቶች ኅብረት ቢሄዱ መሪዋ የባላቸው እህት ናቸው። መንገዱ ሁሉ በወደቀው እጅ በኩል ያልፋል። እኛ ዘንድ ወሬው የደረሰው ሴትዮዋ ልጆቻቸውን ይዘው ከተማውን ከለቀቁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ላይ ስለ እርሳቸው ያለው አንድ መስመር ነው፤ "በራሳቸው ፈቃድ ኅብረቱን ለቀዋል።" መዝገቡ ያልቃል፣ ቀጣዩ መስመር ሌላ ነገር ነው፣ በመካከል ምንም የለም።

ምንም አልሆነም ማለት እንዳልሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ጌታችን በማቴዎስ 18 የሰጠው መንገድ አንድ በር ብቻ ያለው አይደለም። መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልተሰማ ሁለት ወይም ሦስት፣ ከዚያም ጉባኤው። አንዱ ጆሮ ቢዘጋ ነገሩ እዚያ እንዲሞት አልፈቀደም። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በሽማግሌ ላይ የሚመጣ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል ያዘዋል። ይህን ክፍል አንዳንዶች ሽማግሌን መክሰስ እንደማይቻል አድርገው ሲጠቅሱት ሰምተናል። ቀጣዩን ቁጥር አያነቡም፤ ጥፋት ከተገኘ በሁሉ ፊት እንዲገሠጽ ይላል።

በዚህ ምክንያት ለሽማግሌዎቻችን አንድ ሐሳብ አቅርበናል። በጭንቅ ያለ ሰው፣ በተለይ ችግሩ ከመሪ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ በእኛ በኩል ሳያልፍ የሚናገርበት መንገድ ይኑር የሚል ነው። ከጉባኤያችን ሁለት የበሰሉ እህቶች፣ ከጎረቤት ከተማ ጉባኤ ደግሞ የእኛ ሰው ያልሆኑ አንድ ሽማግሌ። የሚሰሙትን ቀኑን ጨምረው፣ በተናጋሪው ቃል፣ ሳያሳምሩ ይጽፋሉ። አይፈርዱም። መጋቢውም ቢሆን የሚነገርበት ሰው ሊሆን ይችላልና ደብተሩ መጋቢው ቢሮ አይቀመጥም።

ተቃውሞ መጥቷል፣ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። "ገመናችንን ለሌላ ጉባኤ?" ያሉ አሉ። "ሐሜት በደብተር ሊሆን ነው" ያሉም አሉ። የሐሰት ክስ ሰውን እንደሚያፈርስ ከማሽኑ አጠገብ በተቀመጠችው እህታችን አይተናል፤ ስለዚህ ሥጋቱን አንንቀውም። ነገር ግን እርሷን ያቆሰላት የተጻፈ ነገር አልነበረም። የአፍ ወሬ ነበር፤ ቀን የሌለው፣ ተናጋሪው የማይታወቅ። የተጻፈው ነው ያተረፋት።

ከከርነሉ ሌላም የምንማረው ነገር አለ። አንድ ክፍል አንዱን መልእክት እየደጋገመ ሌላውን ሁሉ እንዳያሰጥም ልክ ይደረግለታል፤ በተለመደው አሠራር በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ10 በላይ አይጽፍም። የተረፈውን ግን ዝም ብሎ አይጥለውም። "ይህን ያህል መልእክት ታፍኗል" ብሎ ቁጥሩን ይጽፋል። ያፈነውን ያህል እንዳፈነ ይናገራል! እንዲህ ያለ ቃለ ጉባኤ አይተን አናውቅም። "በዚህ ዓመት አራት አቤቱታዎች ቀርበው ሳይታዩ ቀርተዋል" የሚል አንድ መስመር በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ ቢገባ ስንቶቻችን እንፈርምበታለን?

በስብሰባው ላይ አንድ አረጋዊ ሽማግሌ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ ሁሉም ከተናገረ በኋላ "እሺ፣ ደብተሩስ ማን ዘንድ ይደር?" ብለው ጠየቁ። ከእህቶቹ አንዷ ቤት ቢሆን ባላቸው ያየዋል። ከጎረቤት ጉባኤው ሽማግሌ ዘንድ ቢሆን በመንገድ ላይ ነው፤ እርሳቸውም ሰው ናቸው፣ ይታመማሉ፣ ይዛወራሉ። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ የታተመ አንዱ የተከፈተ፣ ያለ ሰው ነበር። ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላልፏል፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱ እህቶች ሰዎችን መስማት ጀምረዋል፤ የጻፉትንም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው፣ የት እንደሆነ ለእኛ ሳይነግሩን፣ አስቀምጠውታል።